በእማማ ዘይነባ ስም የተሰየመው ፌርማታ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ድምፁን በየቀኑ ስለምሰማው ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እሰማዋለሁ፤ ስመለስም እሰማዋለሁ። ለሌላ ሰው ተራ የባጃጅ ጩኸት ነው። ለእኔ ለምን ሌላ እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ እዚህ ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የተከራየሁት ክፍል እማማ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ነው። በግቢው የምንኖረው እሳቸው፣ ልጃቸው እትዬ ሐዋና እኔ ነበርን። እትዬ ሐዋ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ እናቷን ልትጦር ወደ ቤት የተመለሰች ሴት ናት።

ስለ ፌርማታዎቹ መጀመሪያ ልናገር። ድሮ ከባጃጅ የሚወርድ ሰው «ወፍጮው ጋ»፣ «ግራሩ ጋ»፣ «ሰማያዊው በር ጋ» ይል ነበር። ወፍጮው ከተነሳ ቆይቷል፣ ግራሩ ተቆርጧል፣ በሩም ቀለሙ ተቀይሯል። ነባሩ ሰው ያውቀዋል፤ ከባቲ ወይም ከሰንበቴ የመጣ እንግዳ ግን ግራ ይገባዋል። ታዲያ የቆርቆሮ ጥላና አግዳሚ ወንበር ያላቸው ፌርማታዎች ሲሠሩ ለእያንዳንዳቸው ስም ይውጣላቸው ተባለ። ስሙም ለከተማዋ ውለታ የዋሉ ሴቶች ስም ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ። በየቦታው የምንጠራው ስም የወንድ ብቻ መሆኑ ሁሌም ይከነክነኝ ስለነበር በጣም ደስ አለኝ። ትምህርት ቤታችንም ወክዬው እንድገኝ ወደ ስብሰባው ላከኝ።

አንዱ ፌርማታ ለብዙ ዘመን ሴት ልጆችን ላስተማረች መምህርት ተሰጠ። ሌላው በችግር ጊዜ ቤቷን ለተራበ መንገደኛ ከፍታ ለነበረች ነጋዴ ሆነ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። እኛ ሰፈር ያለው፣ ከጤና ጣቢያው ወረድ ብሎ የመስመሩ መጨረሻ የሆነው ፌርማታ ሲደርስ ግን ሰዉ አንድ ላይ የእማማ ዘይነባን ስም ጠራ።

አንድ ሽማግሌ፣ «በሕይወት ባለ ሰው ስም ቦታ መጥራት አልለመድንም» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠች ሴት፣ «ታዲያ ምስጋናቸውን ለመስማት መቃብር ይውረዱልዎ?» አለቻቸው።

ቤቱ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። እኔ ተነስቼ ሰው በቁሙ ቢመሰገን ምን ጥቅም እንዳለው ነጥብ በነጥብ አስረዳሁ። ድምፅ ሲሰጥ እጁን ያላወጣ አልነበረም። እትዬ ሐዋ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት።

እማማ ዘይነባ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። የሰፈሩ ጎልማሳ አብዛኛው በእጃቸው የወጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እሱ የሆነው ነገር አይገባም። በእኛ ሰፈር አዋላጅ ለመጥራት የሚመጣ ሰው ወደ ቤት አይገባም፤ ሰላምታም አይሰጥም። እገሊት አምጣለች ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ነውር ነው፤ ዓይንም ይፈራል። ስለዚህ አጥሩ ሥር ቆሞ የአዋላጇን ስም ብቻ ይጠራል። ማዕረግ አይጨምርበትም። በሌላ ጊዜ እሳቸውን በባዶ ስማቸው የሚጠራ ደፋር የለም፤ ትልቁም ትንሹም «እማማ» ነው የሚላቸው። ባዶ ስማቸው ከተጠራ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

እሳቸውም ለምን ብለው አይጠይቁም። የጎረሱትን ሳይውጡ ይነሳሉ። ቅቤ፣ ክርና ንጹሕ ጨርቅ ያለበትን ቋጠሯቸውን ያነሳሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «መነ ኤኙቲ?» የማን ቤት ነው ማለት ነው። ከተነገራቸው በኋላ ጠሪውን ቀድመው ይሄዳሉ። ይህን ያጫወተችኝ እትዬ ሐዋ ናት። ልጅ ሆና ጥሪ እናቷን ከማዕድ ያልነጠቀባት ሳምንት እንዳልነበረ ትናገራለች።

ጤና ጣቢያው ከተጠናከረ፣ አምቡላንስም ከመጣ ወዲህ የሚጠራቸው አልነበረም። የተዉት ደስ ብሏቸው ነው። «ሐኪሞቹ ይሻላሉ፤ እኔ ደም አላሸንፍም ነበር» ይሉኝ ነበር። ማስታወሳቸው ደከም ብሏል። የእኔን ስም በቀን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ስነግራቸው «ማሻአላህ፣ ጥሩ ስም» ይላሉ፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ።

የምርቃቱ ዕለት እትዬ ሐዋ አዲስ ሻሽ አሰረችላቸውና ደግፈን ወሰድናቸው። ታፔላውን የሸፈነው ጨርቅ ተገለጠ፤ ሰው አጨበጨበ፤ ቴምርና ለስላሳ ታደለ። ማንበብ ስለማይችሉ እትዬ ሐዋ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«እኔ ምን አድርጌ?» አሉ። «ልጁን የሚሰጥ አላህ። እኔ ተቀባይ ነኝ።»

የባጃጅ ተራ አስከባሪው አያ ሰይድ ቀረብ ብሎ እጃቸውን ሳመ። አያ ሰይድ ድምፁ ከሞተር የሚበልጥ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። «እኔንም ተቀብለውኛል እማማ። ምነው ባይቀበሉኝ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ከመጮህ እድን ነበር» አላቸው።

«ያኔም ስትጮህ ነው የወጣኸው» አሉት። ተናግረው ሳይጨርሱ ራሳቸው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ፌርማታው ሥራ ጀመረ። መጨረሻ ስለሆነ ባጃጅ በደረሰ ቁጥር አያ ሰይድ «ዘይነባ፣ ዘይነባ፣ መጨረሻ ነው ውረዱ» ይላል። ተሳፋሪው ደግሞ ገና ሳይደርስ «ዘይነባ ወራጅ» ይላል። ስሙን ሰው በፍጥነት ለመደው። እኔም ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የቦታ ስም እንዴት እንደሚወለድ ሳስተምር የራሳችንን ፌርማታ ምሳሌ አደረግሁት። ድምፁ አጥራችንን አልፎ ጓዳ ድረስ እንደሚገባ አላሰብኩበትም። ማንም አላሰበበትም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ፈተና ሳርም እማማ ዘይነባ ቋጠሮ ይዘው ወደ ውጭ ሲወጡ አየሁ። ጎረቤት የሚሄዱ መሰለኝ። እትዬ ሐዋ ከገበያ ስትመለስ ግን አልተመለሱም ነበር። ጎረቤቱን አዳረስን፣ መስጊዱ ጋ ጠየቅን፣ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድን። እትዬ ሐዋ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለች ጫማዋን ሳታደርግ ነበር የምትሮጠው። እኔ ከሰፈሩ በታች ያለውን ወንዝ ዳር ዳሩን ፈለግሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። እማማ ዘይነባ ኋላ ወንበር ላይ፣ ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሾፌሩ ወረደና፣ «እማማ የእናንተ ናቸው?» አለን። «ተጠርቻለሁ፣ ንዳ አሉኝ። የት ስላቸው፣ የማን ቤት ነው ብለው መልሰው እኔኑ ይጠይቁኛል። የባቲ ልጅ ነኝ፣ ቋንቋው ይገባኛል፤ መልሱን ግን ከየት ላምጣ? አውርጄ እንዳልሄድ ፈራሁ። ይዣቸው ስሠራ ዋልኩ። አሁን ገና ነው አንድ ተሳፋሪ ያወቃቸው።»

እማማ ዘይነባ ግን ወደ እሱም ወደ እኛም አላዩም። «ሳንደርስላት ቀረን» አሉ። «ልጅቷ እንዴት ሆና ይሆን?» ራት ቀርቦላቸው አልነኩትም። ድምፅ ሳያሰሙ እንባቸው ብቻ ወረደ።

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው በተጠራ ቁጥር ይነሳሉ። ሶላት ላይ ሆነው ሰምተው ከመዝጊያው ሰላምታ በፊት የተነሱበት ቀን አለ። በሩ ላይ ደርሰው «መነ ኤኙቲ?» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው ሲያጡ ይመለሳሉ፤ ገና ሳይቀመጡ ሌላ ባጃጅ ይመጣል። እግራቸው አበጠ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታ ዕረፍት ካላገኙ ልባቸው አይችልም አለችን። እትዬ ሐዋ አንድ ቀን በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። እማማ ዘይነባ በመዳፋቸው ቆርቆሮውን እየመቱ፣ «ክፈቺልኝ ሐዋ፣ ልጅቷ በእጃቸው ትሞታለች» ሲሉ፣ መልሳ ራሷ ከፈተችላቸው። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «እናቴን አስሬ ላስቀምጥ?»

እኔ ችግርን በሥርዓት ከያዙት ይፈታል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። በመጀመሪያ አያ ሰይድን አነጋገርኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «እኔን ነው የሚሰሙት?» አለ።

«ያንተ ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል።»

«ወላሂ አላወቅሁም። በር ላይ ሳያቸው ለሰላምታ የወጡ መስሎኝ፣ እጄን አውለበልብላቸው ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን መጥራት ተወ። «መጨረሻ፣ መጨረሻ» ብቻ ይል ጀመር። አልሆነም። ከሰንበቴ ልጇን ታቅፋ ለሕክምና የመጣች አንዲት እናት ከባጃጁ አልወርድም አለች። ዘመዶቿ ዘይነባ ላይ ውረጂ ብለዋታል። አያ ሰይድ ቀስ ብሎ «ይኸው ነው እታለም፣ ውረጂ» ይላታል።

«አታሞኘኝ። ዘይነባ ነው ያልኩህ።»

«እሱው ነው።»

«እሱው ከሆነ ለምን ስሙን አትጠራውም? ዘይነባ፣ ዘይነባ አድርሰኝ፤ ልጄን አሞብኛል።»

ድምፅዋ ከአያ ሰይድ አያንስም ነበር። በራችን ተከፈተ፤ እማማ ዘይነባ ቋጠሯቸውን ይዘው ወጡ። ሕፃን የታቀፈች፣ የምታለቅስ ሴት ሲያዩ ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ። ሴትየዋ ማንነታቸውን ስለማታውቅ ልጇን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ ሸሸቻቸው። አያ ሰይድ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በኋላ «እኔ ዝም ብል ሾፌሩ አለ» አለኝ። «ሾፌሩን ዝም ባሰኘው ተሳፋሪው አለ። ተሳፋሪን እንዴት ዝም አሰኛለሁ ቲቸር? መውረጃውን እኮ ነው የሚናገረው።» አንዳንዶቹ ሾፌሮች ደግሞ ለአክብሮት ብለው «እማማ ዘይነባ ወራጅ» ማለት ጀመሩ። እሳቸው «ዘይነባ» የሚለውን መስማታቸውን ግን አላስቀረም።

ቀጥሎ ስያሜውን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ኃላፊ ደግ ሰው ነው። አስቀመጠኝና እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ስሙ በሕዝብ ስብሰባ ስለጸደቀ በስብሰባ እንጂ በእሱ ፈቃድ ሊነሳ እንደማይችል ነገረኝ። ይህን ጠብቄ ስለነበር ስብሰባው እንዲጠራ ጠየቅሁት።

«እጠራለሁ» አለኝ። «ሰውም ይስማማል እንበል። ታፔላውን አወርዳለሁ። ሰው አፍ ላይ ያለውን ማን ያወርደዋል? አንቺ ራስሽ ዛሬ ወደዚህ ስትመጪ የት ተሳፈርሽ?»

መልሱ «ዘይነባ» ነበር። አመስግኜው ወጣሁ።

የቀረኝ ለእማማ ዘይነባ ራሳቸው ማስረዳት ነበር። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ይህስ አያቅተኝም ብዬ አሰብኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ እግራቸውን በሞቀ ውኃ እያሸሁ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፌርማታ ምን እንደሆነ፣ ስማቸው ለምን እንደተጻፈበት፣ ሰው ሲጠራው መውረጃውን መናገሩ እንጂ እሳቸውን መጥራቱ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ዛሬ ጤና ጣቢያ እንደሚወልዱ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፀጉሬን ዳበሱኝ።

«ገባኝ ልጄ» አሉ። «ባጃጅ ነው።»

«ባጃጅ ነው እማማ።»

«ጥሩ አድርጋችኋል። አላህ ይስጣችሁ።»

በእውነት እፎይ አልኩ። ወዲያው ከውጭ አንዱ «ዘይነባ ወራጅ» አለ። እማማ ዘይነባ እግራቸውን ከውኃው አውጥተው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እማማ፣ ባጃጁ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉኝ። ቋጠሯቸውን እያነሱ ነበር። «አንዷ እውነት ብትሆንስ?»

እርጥብ እግራቸውን ፎጣ ላይ እንኳ ሳያሳርፉ፣ መሬቱ ላይ ዱካቸውን እየተዉ ሲወጡ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። እትዬ ሐዋ ወንድሟ አሊ ጋ ልትወስዳቸው ወሰነች። አሊ ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር የሚያርስ ሰው ነው፤ ቤቱ ከመንገድ ሩቅ ነው። የሄዱ ዕለት አያ ሰይድ ባጃጅ ይዞ በር ድረስ መጣ። ጓዛቸውን ራሱ ጫነ። ሁሉም ሾፌሮች እሳቸው እስኪያልፉ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ፤ ተሳፋሪዎችም ምን እንደሆነ ባያውቁም ዝም አሉ። በዚያ ፌርማታ ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። እማማ ዘይነባ ጸጥታውን አላስተዋሉትም። ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው «መነ ኤኙቲ?» አሉ። እትዬ ሐዋ «የአሊ ቤት ነው እማ» አለቻቸው። ደስ አላቸው። የአሊ ሚስት ልትወልድ መሰላቸው።

ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ትምህርት ሲዘጋ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሊ ከገበያው መንገድ ላይ ተቀበለኝ። ማሽላው ታጭዷል፤ ከብቶቹ ገለባው ላይ ናቸው። ከወፍ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። እግራቸው ዳነ አይደል ብዬ ጠየቅሁት።

«እግሯስ ድኗል» አለኝ። ወደ ግቢው መራኝ።

እማማ ዘይነባ አጥሩ በር ላይ በርጩማ ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ቋጠሮው ጭናቸው ላይ ነው። ጠዋት ወጥተው ፀሐይ እስክትገባ ከዚያ እንደማይነሱ አሊ በኋላ ነገረኝ። «የሚጠራት የለም» አለ። «አንዳንዴ ሲጨንቀኝ ከአጥሩ ጀርባ ዞሬ እኔው ልጥራት እላለሁ። ግን ጠርቼ የት እወስዳታለሁ?»

ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ «ማሻአላህ» አሉ። ከከሚሴ መምጣቴን ስነግራቸው እጄን ያዙ።

«የከሚሴ ሴቶች ወልደው ጨረሱ?» አሉኝ።

«አልጨረሱም እማማ፤ እየወለዱ ነው።»

«ታዲያ ምነው አይጠሩኝም? ተቀየሙኝ?»

ማንም እንዳልተቀየማቸው፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ ስማቸውን እንደሚጠራ ነገርኳቸው። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ። እውነት ነው የነገርኳቸው፤ እውነቱን መልሼ የምውጥበት መንገድ አልነበረም።

ልሄድ ስነሳ እጄን አልለቀቁም። «ሊጠራኝ የመጣ ሰው የከሚሴው ቤት ባዶ ይሆንበታል» አሉኝ። «እዚህ ናት ብለሽ ንገሪያቸው።»

እሺ አልኳቸው። ወደ ከሚሴ ተመልሼ ከባጃጅ ስወርድ እንደ ሁሉም ሰው መውረጃዬን መናገር ነበረብኝ። እስካሁንም በየቀኑ እናገራለሁ፤ ሌላ ስም የለውም። እሳቸው አሁንም አሊ በር ላይ ናቸው። ሌላ ሰው ይህን ቢጽፍ ኖሮ ምን እንደተማረበት ይነግራችሁ ነበር፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንደዚያ ነው የማስተምረው። የተማርኩትን ፈልጌ አላገኘሁም። ያለኝ እሺ ያልኩት ቃል ብቻ ነው፤ ለማን እንደምነግርላቸው ደግሞ አላውቅም።